ጆሮና የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ

የቤት ስቴሪዮ የድምፅ ቁልፍ ሲታይ እጅግ ቀላል መሣሪያ ይመስላል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ድምፁ ይጎላል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ትክክለኛው ልክ የቱ ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ምርምር የጠየቀ ነው።

የመልሱ መነሻ የተገኘው ከሙዚቃ ሳይሆን ከስልክ ሙያ ነው። በአሜሪካ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች የነበሩት ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት፣ አድማጮች የተለያዩ ድምፆችን በማዳመጫ እየሰሙ የትኛው ከየትኛው ጋር እኩል እንደሚጎላ እንዲፈርዱ አደረጉ። በዚህም ጆሮ ለድምፅ ሁሉ እኩል ዳኛ አለመሆኑ ታወቀ፤ ይኸውም ድምፅ ዝቅ ባለ መጠን ወፍራሙ ከሌላው ቀድሞ ከጆሮ ይሠወራል።

ጥናቱን በእንግሊዝ አገር ሮቢንሰንና ዳድሰን እ.ኤ.አ. በ1956 አደሱት፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2003 ደረጃውን በሰፊው ከለሰ። በዚሁ መሠረት 80 ዴሲቤል ከሆነ የ1000 ኸርዝ ድምፅ ጋር እኩል ይሰማ ዘንድ፣ የ100 ኸርዝ ድምፅ 92 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ወደ 40 ሲወርድ ሁለተኛው መውረድ የሚገባው ወደ 64 ገደማ ብቻ ነው። ቁልፉ ግን ሁለቱንም በ40 ስለሚቀንስ፣ ወፍራሙ ድምፅ ከሚገባው በ12 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ሙዚቃው ሲቀነስ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ የሚሳሱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት አምራቾች «ላውድነስ» የተባለውን ማብሪያ በማጉያዎች ላይ ጨመሩ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ማብሪያው የድምፅ ማጉያውን ጉልበትም ሆነ የክፍሉን ስፋት አያውቅም፤ ስለዚህ ካሳው አንድ ጊዜ ይበዛል፣ ሌላ ጊዜ ያንሳል። አድማጩም ወፍራሙን ድምፅ ፍለጋ ሁሉንም ከፍ ለማድረግ ይገፋፋል።

የዚህ ዕዳ የሚከፈለው በጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ89 ዴሲቤል የሚፈቀደው 5 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

እንግዲህ ትክክለኛው ልክ በቁልፉ ዙሪያ በተጻፈው ቁጥር አይገኝም። በዝግታ የሚያዳምጥ ሰው የወፍራም ድምፅ ማስተካከያውን ብቻ ጥቂት ከፍ ቢያደርግ፣ ሙዚቃውም ሳይጎድል ጆሮውም ሳይጎዳ ይኖራል።