ኦፔራው፣ ሱፐሩና ጤፉ፦ አፉላ ውስጥ ስለሚወራው ሱቅ

  ይህ የድምፅ ዝግጅታችን ግልባጭ ነው፤ ለማዳመጥ የማይመቻችሁ እንድታነቡት ብለን ነው የምናወጣው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ስለ አንድ ወሬ ነው የማወራችሁ። አፉላን የምታውቁ ሰዎች ታሃና መርከዚትን፣ ማለትም ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያውን ታውቁታላችሁ። ከቤት ሸአን የመጣው፣ ወደ ሃይፋ የሚሄደው፣ ወደ ቲቬሪያ የሚቀይረው፣ ወታደሩም ተማሪውም እዚያ ነው የሚጠብቀው። ሰው ደግሞ ሲጠብቅ ያወራል። ሰሞኑን ከሚወራው አንዱ «ትልቅ የኦርጋኒክ ሱፐር ሊከፈት ነው» የሚል ነው። አንዱ «እዚሁ ጣቢያው አጠገብ ነው» ይላል፤ ሌላዋ «አይ፣ አዲሱ ሰፈር ነው» ትላለች። ገሚሱ «በቃ አፉላም ከተማ ሆነች» ብሎ ደስ ይለዋል። ገሚሱ ደግሞ «የቤት ኪራይ ሊጨምርብን ነው» ብሎ ይሰጋል።

አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላሉ። እኔ የተፈረመ ወረቀት አላየሁም፤ ስለዚህ ይከፈታል አይከፈትም ብዬ አልከራከርም። ግን እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ የታሪክ ተማሪ ስለሆንኩ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ከዚህ በፊት እዚህ ከተማ ተወርቶ ያውቃል ወይ? መልሱ አዎ ነው። እንዲያውም አፉላ ራሷ የተጀመረችው በእንዲህ ያለ ተስፋ ነው።

ወደ 1925 እንመለስ። አሜሪካን ጽዮን ኮመንዌልዝ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ድርጅት በኢይዝራኤል ሸለቆ መሬት ገዛ። ሻጮቹ ሱርሶክ የሚባሉ የቤይሩት ባለጸጎች ነበሩ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ አል ፉሌ በምትባል መንደር አረብ ጭሰኞች ያርሱት ነበር፤ ሽያጩ ሲፈጸም እነሱ መልቀቅ ነበረባቸው። በ1924 በዚህ ምክንያት ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል። የእኛ ወላጆች ጎንደር ውስጥ በሰው መሬት ላይ ማረስ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ፣ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ሪቻርድ ካውፍማን የሚባል ጀርመን የተወለደ የታወቀ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን አወጣ። ፕላኑ ሰፋፊ መንገድ አለው፣ አደባባይ አለው። ከሁሉም የሚገርመው ኦፔራ ቤትም አለው! ድርጅቱም መሬቱን እየቆራረሰ በአሜሪካ ለሚኖሩ አይሁዶች ሸጠ። «የሸለቆው ከተማ ልትሆን ነው፣ ቶሎ ግዙ» ተባለ። ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ግን አፉላን በዓይናቸው አላዩዋትም። ኦፔራ ቤቱም አልተሠራም። እስከ ዛሬ ድረስ እስራኤል ውስጥ ስለ አፉላ ሲቀለድ ያ ኦፔራ ይነሣል።

ታዲያ ለምን ሳይሳካ ቀረ? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ከ1926 ጀምሮ አገሩን ከባድ የኢኮኖሚ ችግር መታው፣ ድርጅቱም ከሰረ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የዛሬውን ወሬያችንን በቀጥታ ይነካል። የፕላኑ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ በዙሪያው ያሉት ኪቡፆችና ሞሻቮች እህላቸውን፣ ወተታቸውን፣ አትክልታቸውን አፉላ አምጥተው ይሸጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ከአፉላ ሱቆች ገዝተው ይመለሳሉ። ልክ እንደኛ አገር የቅዳሜ ገበያ ማለት ነው። እነሱ ግን የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ዕቃ የሚገዙት ሐማሽቢር በሚባለው የኅብረት ሥራ ድርጅታቸው በኩል ነበር። ወተትና አትክልታቸውን ደግሞ በ1926 በተቋቋመው ትኑቫ በኩል ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይልኩ ነበር። አፉላ በመሀል ቁጭ ብላ ጋሪዎቹ በአጠገቧ ሲያልፉ አየች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ፕላን አውጪዎቹ ገበያውን ሣሉ እንጂ ገበያተኛውን አልጠየቁትም። «ማን ነው የሚገዛው? አሁን ከየት ይገዛል? ለምንስ ይተወዋል?» አላሉም። ከተማዋ ኋላ ላይ ስታድግ ያሳደጋት ፕላኑ ላይ ያልነበረ ሰው ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ስደተኞች፣ በኋላም ከሶቪየት ኅብረት የመጡት፣ በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት የእኛ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አፉላ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አላት። የታወቀችውም በኦፔራ አይደለም፤ በተቆላ ሱፍ ነው! «የአፉላ ጋርዒኒም» የማያውቅ እስራኤላዊ የለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ኦርጋኒክ ሱፐሩ እንሂድ። እንዲህ ዓይነት ሱቅ ለእስራኤል አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤደን ቴቫ ማርኬት የሚባል ሰንሰለት ተነሥቶ ነበር። ሰፊ ሱቅ፣ የሚያምር መደርደሪያ፣ ኦርጋኒክ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህል በጆንያ። በኋላ የሜጋ ሱፐሮች ባለቤት የሆነው ብሉ ስኩዌር ገባበትና በየከተማው ቅርንጫፍ መክፈት ጀመረ። ጊዜው ግን አልረዳውም። በ2011 የኮቴጅ አይብ ዋጋ ወደ 8 ሸቀል ሲጠጋ ሕዝቡ «አንገዛም» ብሎ ተነሣ። ያ አመፅ የትኑቫን ስም ክፉኛ ጎዳው፤ በዚያው በጋ ቴል አቪቭ በድንኳን ተሞላች። ሰው ርካሽ ሱፐር መፈለግ ጀመረ። በ2015ና በ2016 ሜጋ ራሱ ተንኮታኮተ። ኤደንም ወደ ሌላ እጅ ተሸጠ።

በሌላ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቺካጎ ውስጥ ኢንግልዉድ የሚባል፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰፈር አለ። በ2013 «ሆል ፉድስ ሊከፈት ነው» ተባለ። ሆል ፉድስ የታወቀ ውድ የኦርጋኒክ ሱፐር ነው። ከተማው ለቦታው ልማት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በ2016 ሲከፈት በዓል ነበር፤ ሰዉ «በመጨረሻ አዩን» አለ። በመካከሉ በ2017 አማዞን ድርጅቱን በሙሉ በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በኅዳር 2022 የኢንግልዉዱ ሱቅ ተዘጋ። ውሳኔው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም የተወሰነው፤ ከሩቅ ነው።

ይህን የምላችሁ «ጥሩ ሱቅ አይምጣብን» ለማለት አይደለም። እናቶቻችን ለምንድን ነው የደረቀ ቲማቲም የሚገዙት? እኛም ጥሩ ነገር መብላት ይገባናል። ግን ሱቅ መጣ ማለትና ሱቁ ለእኛ መጣ ማለት አንድ አይደለም።

ደግሞ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል እንየው። ኦርጋኒክ ማለት ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል ፀረ ተባይ የተመረተ ማለት ነው። የሚወደደው ምርቱ ስለሚያንስ፣ አረሙ በእጅ ስለሚነቀልና ለቁጥጥርም ስለሚከፈል ነው። እስራኤል በ2005 ሕግ አውጥታለች፤ ቁጥጥር ያላለፈ ምርት ላይ «ኦርጋኒ» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ምልክቱን እዩ፤ «ቲቭዒ»፣ ማለትም ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል ከኦርጋኒክ ጋር አንድ አይደለም።

የዚህ አገር የኦርጋኒክ እርሻ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሥዴ ኤሊያሁ የሚባል ኪቡፅ ነው፤ በቤት ሸአን ሸለቆ፣ ከአፉላ ቁልቁል ሲወረድ። በ1970ዎቹ ማሪዮ ሌቪ የሚባል የኪቡፁ አባል «ያለ ኬሚካል እናርሳለን» ብሎ ሲነሣ ብዙዎች እንደ እብድ ነው ያዩት። ስለዚህ የሸለቆው ሰው ኦርጋኒክ ለመብላት የቴል አቪቭን ሰንሰለት መጠበቅ ላይኖርበት ይችላል።

ወላጆቻችንስ? እነሱ ጎንደር ሲያርሱ ፍግ ነበር ማዳበሪያቸው። አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ጎተራው ውስጥ ምንም ኬሚካል አልነበረም። በዛሬው ቋንቋ ሁሉም ኦርጋኒክ ነበር። ግን እውነቱን እንናገር፤ ምርጫ ኖሯቸው አልነበረም። ማዳበሪያ ውድ ነበር። ዝናብ ሲቀር ደግሞ የሚበላ ጠፋ፤ የ1984ቱን ረሃብ ያየ ሰው «የድሮው እህል ጤና ነበር» ብሎ ብቻ አያልፍም። ያው አስተራረስ እዚያ ድህነት፣ እዚህ ቅንጦት ተባለ። የተለወጠው እህሉ አይደለም፤ የሚበላው ሰው ኪስ ነው።

የጤፍ ነገር ይህን በደንብ ያሳየናል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ፈረንጆቹ ከወደዱት ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል። ኢትዮጵያ በ2006 የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር ብላ ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። በ2007 ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ መብት፣ ማለትም ፓተንት አገኘ። አስቡት፣ አያቶቻችን በወፍጮ ሲፈጩት የኖሩትን! በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ያለውን ፓተንት ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም አዲስ ፈጠራ አልነበረም። እስከዚያ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። እዚህ አገርም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬሆቮት ላይ ጤፍን በእስራኤል አፈር ለማምረት ያጠናሉ።

ስለዚህ የሚወራው ሱቅ ከተከፈተ መደርደሪያው ላይ ጤፍ ሊኖር ይችላል፣ በትንሽ የሚያምር ከረጢት። ያኔ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት የእኛ ትንንሽ ሱቆች ምን ይሆናሉ? እነዚህ ሱቆች ዕቃ ብቻ አይደለም የሚሸጡት። ደብዳቤ የሚያስነብቡባቸው፣ ለለቅሶ የሚጠራሩባቸው፣ ወር እስኪደርስ በዱቤ የሚሰጡ ናቸው። ትልቅ ሰንሰለት ዱቤ አይሰጥም፤ የማንንም እናት በስሟ አያውቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የሚመስለኝ፣ ወሬውን ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ማን ነው የፈረመው? የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ በዒሪያው የግንባታ ኮሚቴ በኩል ያልፋል፤ መጠየቅ ይቻላል፤ ወጣቶች ቋንቋውን ስለምናውቅ ለወላጆቻችን ሄደን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለማን ነው? በአውቶቡስ ለሚመጣው ነው ወይስ በመኪና ብቻ ለሚመጣው? ቦታው ብቻ ብዙ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ከማን ነው የሚገዛው? ሸለቆው ሙሉ ገበሬ ነው፤ ጤፍ የሚያስመጡ፣ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ከተማዋ ውስጥ አሉ። ሱቁ ከእነሱ ከገዛ ለአፉላ ጠቀመ ማለት ነው። ካልገዛ እንደ 1926ቱ ጋሪዎች በአጠገባችን ያልፋል።

ባለሱቆቻችንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ሐማሽቢርና ትኑቫ ያሸነፉት ሀብታም ስለነበሩ አይደለም፤ ገበሬዎቹ አንድ ላይ ስለገዙና አንድ ላይ ስለሸጡ ነው። ትኑቫ ዛሬ የተለየ ነው፤ በ2015 አብዛኛው ድርሻ ለቻይናው ብራይት ፉድ ተሽጧል። ግን አጀማመሩ የድሆች ኅብረት ነበር። እኛ ደግሞ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ነን። አምስት ሱቅ አንድ ላይ ጤፍ ቢያስመጣ በተሻለ ዋጋ ያገኘዋል፤ ይህን ለእኛ ማንም ማስተማር የለበትም።

ኦፔራው አልመጣም። ከተማዋ ግን አልሞተችም፤ የኖረችው ጣቢያው ላይ በሚወርደውና በሚሳፈረው፣ ሱፍ በሚቆላው፣ ፈላፍል በሚጠብሰው፣ ጤፍ በኪሎ በሚመዝነው ሰው ነው። አዲስ ሱቅ የሚመጣ ከሆነ እንኳን ደህና መጣ፤ መጀመሪያ ግን እነዚህን ሰዎች ይጠይቅ።

ለዛሬ በዚህ እናበቃለን። እናንተም እቤት ስትገቡ እናት አባቶቻችሁን «አፉላ ስትመጡ መጀመሪያ ጤፍ ከየት ነበር የምትገዙት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን በድምፅ ላኩልን፣ በሚቀጥለው ዝግጅት አብረን እንሰማዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።