ማን ባረከው?

ዶሮ በእኛ ዘንድ 12 ብልት ነው። ሳይገነጠል ለገበታ መቅረቡ የቅርብ ጊዜ ልማድ ሲሆን፣ «አሮስቶ» የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ እንግዳ ምግብ ለመልመድ ማንም አይቀድማትም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ ሸሽቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም ተከትሎ ሰፈረ።

ሳቢያን ውስጥ ሙሉ ዶሮ በብረት ዘንግ ተሰክቶ ፍም አጠገብ ሲዞር ቆሜ አይቻለሁ። መዞሩ ጥበብ አለው፤ የቀለጠው ስብ ሥጋውን እየዞረ ያርሰዋል። ፍሙ በቀጥታ ከሥሩ ከሆነ ግን ጠብታው ይነድና ቆዳውን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ስለዚህ አዋቂ ጠባሽ ፍሙን ወደ ጎን ይገፋል።

ከባዱ ጉዳይ ግን ከእሳቱ ይቀድማል። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም ቢላ ይሻል። የድሬ ጎረቤት ቡናውን አብሮ ይጠጣል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ገበታው ይለያል። ሠርግ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አለቀ። ጠባሹ ያለው ግን አንድ ዘንግ ነው፤ ጎን ለጎን የተሰኩት ዶሮዎች ስባቸው ይነካካል። እናም ደንበኛው ወንበር ሳይስብ «ማን ባረከው?» ይላል። ጠባሹም ዘንጉን ማዞሩን ሳያቆም፣ ቅር ሳይለው ይመልሳል። እኔ ይህን ጥያቄ ጠብ ያለበት አድርጌ አላየውም፤ ሳይጠየቅ የታለፈ ዕለት ነው ጎረቤት የሚቀያየመው።