ያቺ ትንሽ ሞላ የት ገባች?

ድምፁ ትንሽ ነው፤ «ቲክ» ብቻ። ቀጥሎ አንድ ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ በእጅ ባትሪ ከሶፋው ሥር ሲፈልግ ታገኙታላችሁ። ነገሩ በተለይ አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው፤ እዚያ ብዙ ሰዎች የራሳቸውን ጠመንጃ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ፈተው ይገጥማሉ። ኤአር 15 የሚባለው ጠመንጃ የላይኛውና የታችኛው አካሉ የሚያያዙት በሁለት የብረት ፒኖች ነው። የፊተኛው ፒን በራሱ ተንሸራቶ እንዳይወጣ የምትይዘው የሩዝ ፍሬ የምታህል ዘንግ አለች። ዘንጓን ከኋላዋ ሆና የምትገፋት ደግሞ አንዲት ቀጭን ሞላ ናት። ለመግጠም ሞላዋን መጨመቅ፣ ዘንጓን በላይዋ መያዝ፣ ከዚያ ፒኑን በላያቸው ማንሸራተት ያስፈልጋል። ጣት ትንሽ ከሳተ በቃ፣ ሁለቱም የሉም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ትልቅ ግልጽ ፌስታል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው የሚሠሩት ወደው አይደለም።

ጠመንጃ መፍታት የእናንተ ሥራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግን ጠቅ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ፈታታችሁ ሞላው ካመለጣችሁ፣ የምናወራውን ነገር ታውቁታላችሁ።

ለምን እንዲህ ርቃ ትሄዳለች? እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 (ሌላ ካልጠቀስን በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሞላ ባሳተመው ሥራ ላይ፣ ሞላ በተጨመቀ ቁጥር የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ እንደሚያድግ ጽፏል። እስቲ እናስላው። አንዲት ሞላ 1 ሴንቲሜትር ተጨመቀች እንበል፤ በመጨረሻ ላይ የምትገፋው በ10 ኒውተን ነው፤ ይህም 1 ኪሎ ስኳር በእጃችሁ ስትይዙ የሚሰማችሁን ክብደት ያህል ነው። ውስጧ የተጠራቀመው ኢነርጂ የ10 እና የ0.01 ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 0.05 ጁል ይሆናል። ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን ሞላዋና ዘንጓ አንድ ላይ ግማሽ ግራም ብቻ ቢመዝኑ፣ ያ ኢነርጂ ሁሉ ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጥ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይወረውራቸዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚሄድ መኪና ያህል! በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ 1 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሄደዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ግድግዳ ነክተው ሌላ አቅጣጫ ይዘዋል። ሰው የሚፈልጋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ በረሩበት አቅጣጫ ነው።

እሺ፣ ጠፋች። ቀጥሎስ? ሰውዬው ሌላ ያዛል፤ በፖስታ ትመጣለታለች፤ ቦታዋ ላይ ያስገባታል፤ ትገጥማለች። ታሪኩ ያለው እዚህች «ትገጥማለች» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሞላዋን የሠራው ሰው ይህን ጠመንጃ አይቶት አያውቅም፤ ጠመንጃውን የሠሩትም ሞላዋን አያውቋትም። ቢሆንም ሞረድ እንኳ ሳይነካት ትገባለች። ከ250 ዓመት በፊት ለነበረ ጠመንጃ ሠሪ ይህን ብትነግሩት ያሾፋችሁበት ይመስለው ነበር።

የዚያ ዘመን ጠመንጃ በባልጩት የሚሠራ ነው። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ብረት ይመታል፣ ብልጭታው ባሩዱን ያቀጣጥላል። ይህ መተኮሻ ክፍል ውስጡ ሦስት ሞላ አለው። አንዱ መዶሻውን ይወረውራል፤ ሁለተኛው መዶሻውን ወጥሮ የያዘውን ጥርስ ይገፋል፤ ሦስተኛው ባልጩቱ የሚመታውን ብረት በቦታው ያቆያል። ጥቅልል ሞላ እንዳይመስላችሁ፤ መኪና ሥር ያለውን ባሌስትራ አስታውሱና ጣት በምታህል መጠን አጥፋችሁ አስቡት። ባለሙያው ብረቱን ቀጥቅጦ ያጥፈዋል፣ እስኪቀላ ያግለዋል፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ መልሶ ያሞቀዋል። ሙቀቱ ካነሰ ሞላው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከበዛ ደግሞ ታጥፎ ይቀራል። በመጨረሻ በሞረድ እየነካካ ለዚያ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ያስተካክለዋል። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች ብትፈቱና ሞላዎቻቸውን ብታቀያይሩ፣ ላይገቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ያኔ የጠፋ ክፍል ማለት በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ወታደሩ ጦር ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ ጠመንጃው ዱላ ነው።

በ1785 ቶማስ ጄፈርሰን ፓሪስ ውስጥ የአሜሪካ መልእክተኛ ነበር። ኦኖሬ ብላን የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ወርክሾፕ ሄዶ ያየውን ነገር በነሐሴ ወር ለጆን ጄይ በደብዳቤ ጻፈለት። ብላን የ50 መተኮሻ ክፍሎችን ብረቶች ፈታቶ በየዓይነታቸው ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ሰጠው። ጄፈርሰን እጁ የደረሰበትን እያነሳ የተወሰኑትን ራሱ ገጣጠማቸው፤ ሁሉም ልክ ገቡ። ልብ በሉ፣ ጄፈርሰን ጠመንጃ ሠሪ አይደለም፤ ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ብላን ለእያንዳንዱ ክፍል ቅርጽ ማውጫና መለኪያ ሠርቶ ነበር፤ ከመለኪያው ጋር ያልገጠመ ክፍል አይታለፍም። ሀሳቡ ግን የድሮዎቹን ጠመንጃ ሠሪዎች አላስደሰተም፤ አጥብቀው ተቃወሙት። እኔ አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ልክ የተማሩትን የእጅ ጥበብ ማንም ሰው በካቻቢቴ ሊሠራው ነው መባልን ማን ይወዳል?

የትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ለአሜሪካዊው ለኢላይ ዊትኒ ይሰጡታል። ዊትኒ በ1798 በሁለት ዓመት ውስጥ 10,000 ጠመንጃ ለማስረከብ ተዋዋለ። በ1801 ባለሥልጣናት ፊት ቀርቦ ክፍሎችን እያፈራረቀ ሲገጥም አሳየ፤ ሁሉም ተደነቁ። የመጨረሻዎቹን ጠመንጃዎች ያስረከበው ግን በ1809 ነው! ቆይተው የታሪክ ተመራማሪዎች ሙዚየም ውስጥ ያሉትን የዊትኒ ጠመንጃዎች ፈተው ሲያዩ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ የማይለዋወጡ ሆነው ተገኙ። ያ ትርኢት ታዲያ ምን ነበር? ቀድመው የተስተካከሉ ክፍሎች ይዞ መጥቶ ነበር የሚለው ግምት የብዙዎች ነው። እኔ ዊትኒን ጥሩ አስተዋዋቂ እለዋለሁ፤ ሀሳቡ ግን በአስተዋዋቂ ብቻ አይቆምም።

ያቆመው ጆን ሆል ነው፤ ስሙን የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ከ1819 ጀምሮ ሐርፐርስ ፌሪ በሚባል ቦታ፣ በወንዝ ውኃ በሚዞሩ መቁረጫ ማሽኖችና በብዙ ዓይነት መለኪያዎች ጠመንጃ ሠራ። ዓመታት ፈጀበት፣ ገንዘብ አባከነ ተባለ፣ መንግሥት መርማሪ ላከበት። መርማሪዎቹ ጠመንጃዎቹን አስፈትተው፣ ክፍሎቹን አቀላቅለው፣ መልሰው ሲያስገጥሙ ሠሩ። በ1834 ደግሞ ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሲሚዮን ኖርዝ የሚባል ሰው የሠራቸው ክፍሎች ከሆል ጠመንጃዎች ጋር ገጠሙ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ወርክሾፖች አንድ ዓይነት ብረት አወጡ ማለት ነው። ብላን በሳጥን ውስጥ ካሳየው እዚህ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

በ1854 እንግሊዞች ጉዳዩን ሊያጣሩ አሜሪካ ሄዱ። ስፕሪንግፊልድ ከተማ ካለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከ1844 እስከ 1853 ከተሠሩት ውስጥ ከየዓመቱ አንድ፣ በድምሩ 10 ጠመንጃ መረጡ። አስፈቷቸው፣ ብረቶቹን አደባለቁ፣ ለአንድ ሠራተኛ ካቻቢቴ ሰጥተው ግጠም አሉት። ገጠመ። እንግሊዞቹም ማሽኖቹን ገዝተው ለንደን አጠገብ ኤንፊልድ ውስጥ ተከሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል። የኤንፊልድ ጠመንጃዎች በ1860ዎቹ ከኋላ የሚጎርሱ ተደርገው ተሻሻሉ፤ ማሻሻያውም በፈልሳፊው ስም ስናይደር ተባለ። በ1868፣ በእኛ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ዙላ ወርዶ መቅደላ ድረስ ይዞት የዘለቀው ይህንን ጠመንጃ ነው። በአማርኛ ሰናድር ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ላይ የኋላ መዝጊያው እንዳይከፈት የሚይዘው ምን ይመስላችኋል? በሞላ የሚገፋ ትንሽ ጉጥ! ኤአር 15 ላይ ላለችው ዘንግ የሩቅ ዘመድ በሉት።

እንዲህ ዓይነቷ ጥቃቅን ክፍል የሥርዓቱ ልጅ ናት ብዬ አምናለሁ። በእጅ የተሞረደ ሞላ በጠንካራ ብሎን ይታሰር ነበር፤ እንዲጠፋ የሚፈልግ የለማ! ማሽን ሺህ ጊዜ የሚደግማት ርካሽ ጥቅልል ሞላ ግን ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ጎረቤቷ ክፍል ትከድናታለች፣ አለቀ። ሲፈታ ብትበር ሌላ አለ።

የአማርኛው «መለዋወጫ» ራሱ ይህን ይናገራል፤ መለዋወጥ ከሚለው የወጣ ነው። ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ ስንጠራው ግን የሃምሳ ዓመት ክርክር ያለበት ቃል መሆኑ ትዝ አይለንም።

መለዋወጥ ግን ድንበር አለው። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የያዘው ጠመንጃ ከብዙ አገር የተገዛና የተማረከ ነበር። አንዱ ውጅግራ ነው፤ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፣ የ1874 ሞዴል ነው። የአንዱ ውጅግራ ሞላ ቢሰበር የሌላው ውጅግራ ይሆነዋል፤ ከፋብሪካው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ለራቀ ተዋጊ፣ የተበላሸ ጠመንጃ ራሱ የመለዋወጫ መደብር ነው። የሰናድር ሞላ ግን ውጅግራ ውስጥ አይገባም፤ አንዱ በእንግሊዝ ኢንች፣ ሌላው በፈረንሳይ ሚሊ ሜትር የተለካ ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ያለው አማራጭ የድሮው ነው፦ ብረት ቀጥቅጦ፣ አግሎ፣ ነክሮ፣ በሞረድ የሚያስተካክል ባለሙያ መፈለግ።