ሞርፊንና ልኩ፤ ስለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ታሪክ አጭር ጥናት

ሕመምን ማስታገሥ ከሕክምና ሥራዎች ሁሉ የቀደመ ነው። በሽታውን ማዳን ያልቻለ ሐኪም እንኳ የበሽተኛውን ሥቃይ ማቅለል ከቻለ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ይሁን እንጂ ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች መካከል ኃይለኞቹ፥ ማለት ከኦፒየም የሚወጡትና በእርሱ አምሳል የተሠሩት፥ ልካቸው ሲያልፍ ትንፋሽን ያደክማሉ፤ ሱስም ያስይዛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ጉዳት ለመጠቀም ባለፉት 200 ዓመታት ምን መንገድ ሞከሩ፥ ከየሙከራውስ ምን ትምህርት ተገኘ የሚለውን ጥያቄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦፒየም የሚባለው ከፖፒ ተክል ያልበሰለ ፍሬ ላይ ሲጫር የሚወጣው ነጭ ወተት ደርቆ ነው። የጥንት ሐኪሞች ያውቁት ነበር። ችግሩ ግን የአንዱ ኦፒየም ኃይል ከሌላው ጋራ እኩል አለመሆኑ ነው። ትናንት ሕመም ያስታገሠው ያው ልክ፥ ዛሬ ከሌላ ዕቃ ሲወሰድ ምንም ሳይሠራ ሊቀር፥ ወይም ሊገድል ይችል ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት የተነሣው በጀርመን አገር በፓደርቦርን ከተማ የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት የነበረው ፍሪድሪኽ ሰርትዩርነር ነው። እርሱ በ1804 ገደማ፥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ሳለ፥ የኦፒየምን ዋና ኃይል ለብቻው ለየው፤ በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስምም ሞርፊዩም ብሎ ሰየመው። በ1817 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ እርሱና ሦስት ወጣቶች ግማሽ ግሬን እየመዘኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ወሰዱ። በብርቱ ስለ ታመሙም ኮምጣጤ ጠጥተው እንዲያስመልሳቸው ሆነ። ከዚህ እንደምንረዳው መድኃኒቱ በሚዛን ሊለካ ችሏል፤ ነገር ግን ሚዛን መያዝ አንድ ነገር ነው፥ ልኩንና ጊዜውን ማወቅ ግን ሌላ ነው።

የመርክ ኩባንያ በዳርምሽታት ከተማ በ1827 ሞርፊንን ለንግድ ማዘጋጀት ጀመረ። በ1853 ደግሞ የኤዲንበራው አሌክሳንደር ዉድና የሊዮኑ ሻርል ፕራቫዝ፥ አንዱ ከሌላው ተለይተው፥ መድኃኒት ከቆዳ ሥር የሚሰጥበትን መርፌ ለሕክምና አቀረቡ። ሞርፊኑ በሆድ ውስጥ ሳያልፍ ስለሚገባ ሱስ አያስይዝም ብለው ያመኑ ሐኪሞች ነበሩ። በ1877 ግን የበርሊኑ ሐኪም ኤድዋርድ ሌቪንሽታይን ስለ ሞርፊን ሱስ መጽሐፍ አወጣ፤ ከገለጻቸው ሕመምተኞች መካከልም ሐኪሞች ይገኙ ነበር።

ሁለተኛው ተስፋ ሄሮይን ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1898 ይህን ከሞርፊን የተሠራ መድኃኒት ለሳል ማስታገሻ ብሎ ለገበያ አወጣው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከሞርፊን የባሰ ሱስ የሚያስይዝ መሆኑ ታወቀ።

ሦስተኛው ተስፋ ወደ ዘመናችን የቀረበ ስለ ሆነ በተለይ ልንመለከተው ይገባል። በ1996 ፐርድዩ ፋርማ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦክሲኮንቲንን መሸጥ ጀመረ። በውስጡ ያለው ኦክሲኮዶን በ1916 በጀርመን አገር የተገኘ ነው፤ አዲሱ ነገር እንክብሉ መድኃኒቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ መልቀቁ ነበር። ቀስ ብሎ መልቀቁ ለሱስ የማይመች ያደርገዋል ተብሎ ታመነ። ነገር ግን እንክብሉ ሲደቈስ የ12 ሰዓቱ ልክ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ሐኪሞችን ለማሳመን ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በጥር 1980 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ሆስፒታል ተኝተው እነዚህን መድኃኒቶች ከወሰዱ 11,882 ሕመምተኞች መካከል፥ ቀድሞ ሱስ ሳይኖርባቸው ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፥ ይህ ደብዳቤ 608 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከጠቀሱትም መካከል ከመቶ 80 ያህሉ ሕመምተኞቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አላነሡም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። እነዚያ ሕመምተኞች መድኃኒቱን የወሰዱት በሐኪምና በአስታማሚ ዓይን ሥር ሳሉ ነው፤ ጠቃሾቹ የተዉት ቃል ይህንኑ ጥበቃ የሚናገረውን ነው። ቍጥሩ ተወሰደ፥ ምክንያቱ ቀረ። ኩባንያው በ2007፥ እንደ ገናም በ2020፥ በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ከ1999 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ከእነዚህ መድኃኒቶችና በሕገ ወጥ መንገድ ከሚሸጡት መሰሎቻቸው የተነሣ 645,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱን ጨርሶ መከልከል አይሻልምን? የሚል ቢኖር፥ ታሪክ ይህንንም አይደግፍም። በ1961 በኒው ዮርክ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥርን ሲያጠብቅ፥ መድኃኒቶቹ ለሕመም ማስታገሻ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን አብሮ መስክሯል። በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን የሕሙማን ማረፊያ የከፈተችው ሲስሊ ሳንደርስ፥ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ ሞርፊን በተወሰነ ሰዓትና ልክ በአፍ ቢሰጥ በካንሰር የሚሠቃይ ሰው አእምሮው ሳይደነዝዝ እፎይታ እንደሚያገኝ አሳይታለች። ሆኖም በ2017 የወጣ አንድ የባለሙያዎች ሪፖርት እንዳመለከተው፥ በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ውስጥ ለድሆች አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። አገራችንም በዚያን ጊዜ ከእነዚሁ አገሮች ጋራ የምትቈጠር ነበረች።

ስለዚህ ዛሬ ሐኪም የሚሰጠው ምክር የዚህ ታሪክ ማጠቃለያ ነው ልንል እንችላለን። የመጀመሪያው ልክ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ መጨመር እንደማይገባ ሰርትዩርነር በራሱ ሰውነት አስተምሯል። ቀስ እያለ የሚለቅ እንክብል አይሰበርም፥ አይደቈስም። ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋራ ከተወሰደ ትንፋሽን እስከ ማቋረጥ ያደርሳል። ለአንዱ የታዘዘው ለሌላው አይሰጥም፤ ለለመደው ሰው የተመጠነው ላልለመደው መርዝ ነውና። ሰንብቶ የወሰደም ሰው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በድንገት አያቆምም፤ ካቋረጠ በኋላም ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ይገድለዋል። መድኃኒቱ በቍልፍ ይቀመጣል፥ የተረፈውም ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሳል። የወሰደው ሰው ከእንቅልፉ አልነቃ ካለና ትንፋሹ ከዘገየ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል፤ ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ በጊዜ ከተሰጠ ያድነዋልና።

በመርፌው፥ በሄሮይንና በእንክብሉ ሦስት ጊዜ ደኅንነቱ በዕቃው ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ ሦስት ጊዜም ሳይሆን ቀረ። ደኅንነቱ ያለው በልኩ፥ በሰዓቱና አጠገብ ሆኖ በሚጠብቀው ሰው ዘንድ ነው። ይህን የዘነጋ ጥቅስ ስንት ሰው እንዳስጠፋ ካየን፥ እኛም በየጥናታችን ግርጌ ማስረጃ ስንጠቅስ ምንጩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባናል።