የቅዱስ ላሊበላ መቃብር፦ ትውፊትና ጥናት የሚከራከሩበት ስፍራ

በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማ ከሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ መሥራች ተብሎ የሚታወቀው ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ ያረፈው በዚህ ቤተ መቅደስ ወለል ሥር እንደሆነ ትውፊት ያስረዳል። ወደ ውስጥ ሴቶች አይገቡም። ምእመናን ከመቃብሩ የሚወሰደውን አፈር «እምነት» ብለው ለፈውስ ይቀቡታል፤ ሰኔ 12 ቀን ደግሞ የንጉሡ ዕረፍት ይታሰባል።

ንጉሡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ እውነተኛ ሰው ስለመሆኑ ክርክር የለም። በወንጌል መጻሕፍት ላይ የተመዘገቡ የርስት ስጦታዎችና በእንጨት መንበሮች ላይ የተቀረጹ የግእዝ ጽሑፎች ስሙን ይጠቅሳሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ በመላእክት ረዳትነት እንደታነጹ የሚተርከው ገድሉ ግን የተጻፈው ከዘመኑ ብዙ ዘግይቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ንጉሡ በጎልጎታ መቀበሩን መዝግቧል። ሥራው 24 ዓመት እንደፈጀና የውጭ ሰዎች እንደሠሩት የሰማውንም ጽፏል። ይህ ወሬ የሕንፃዎቹን ባለቤትነት ለባዕዳን ለመስጠት ለሚሹ ሰዎች መነሻ ሆኗል። ነገር ግን የቤተ አማኑኤል ግድግዳ የአክሱምን የድንጋይና የእንጨት አሠራር መከተሉ፣ ጥበቡ ከአገር ውስጥ የወጣ መሆኑን ያሳያል።

ዋናው ክርክር «አንድ ንጉሥ ሁሉን አሠራ ወይ?» የሚለው ነው። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሡ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው፣ ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም ቁፋሮው በየደረጃው መከናወኑን የሚያሳዩ ምልክቶችን አጥንተዋል። ፊሊፕሰን ለንጉሡ ዘመን የሚሰጡት በተለይ የቤተ ጎልጎታን ክፍል ነው። በዚህም ትውፊቱ የንጉሡ መቃብር የሚለው ስፍራ፣ ጥናቱም በዘመኑ መሠራቱን የሚያምንበት ሆኖ ተገኝቷል።

ቤተ ጎልጎታ የኢየሩሳሌም ምሳሌ ነው። በውስጡ የክርስቶስን መቃብር የሚያስታውስ ቅርጽ፣ በደጁም «የአዳም መቃብር» የሚባል ስፍራ አለ። ስለዚህ ንጉሡ በዚያ መቀበሩ ከስፍራው ትርጉም ጋር የሚስማማ ነው።

ቤተ መቅደሱ ዛሬም ማኅሌት የሚቆምበት፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት በመሆኑ ተመራማሪዎች የሚያተኩሩት በዐለቱ ላይ በቀሩ የመጥረቢያ አሻራዎች ላይ ነው። ዝናብና ፀሐይ ዐለቱን በሸረሸሩት ቁጥር እነዚህ አሻራዎች ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ይህን ስፍራ መጠበቅ፣ የምእመኑን እምነትም የታሪክን ማስረጃም በአንድነት መጠበቅ ነው።