የሀዲያና የከምባታ ክፉ ቀኖች፦ የጓሮ እንሰት ለምን አይነቀልም?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር አልጽፍም፤ ታሪክ ነው የምጽፈው። ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ከአንድ አባት ጋር ወሬ ጀመርን። የቆመ እንሰት ለነጋዴ ሸጠው ነው ከተማ የመጡት። «ልጄ፣ አንተ የግብርና ሰው ነህ። የቀረውንም ነቅዬ ባህር ዛፍ ብተክልበት ምን ትለኛለህ? ልጆቹ ብር ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። መኪናው ሞላና ተለያየን፤ በደንብ ሳልመልስላቸው ቀረሁ። መልሱን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ክፉ ቀን፦ ከ1880 እስከ 1884

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ሲሉ የሚያወሩት ይሄንን ነው። ነገሩ የጀመረው በሰው ረሃብ አይደለም፤ በከብት በሽታ ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ተነስቶ መላ አገሪቱን አዳረሰ። ከአስር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ። በላዩ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረ። እንሰት ያለውም ቤት ቢሆን አልዳነም፤ ከብት ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ ደግሞ እንሰት አይወፍርም። ከብቱና ጓሮው የተያያዙ ናቸው ማለት ነው።

ግን ደስ የሚል መጨረሻም አለው። ይሄው በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። «ክትባት ምን ይጠቅማል» የሚል ጎረቤት ካላችሁ ይሄንን ንገሩት።

1977

የ1977 ድርቅ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ወሎንና ትግራይን ነው። ነገር ግን የያኔው የከምባታና ሀዲያ አውራጃም ተጎድቷል። በሰፈራ ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ተነስቶ መተከል፣ ፓዌ ድረስ ሄዷል። ዛሬም እዚያ ዘመድ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። እርሻ ሲከዳ ሰው አገሩን እስከ መልቀቅ እንደሚደርስ ከዚህ እናያለን።

2000፦ አረንጓዴው ረሃብ

ይሄኛውን እኔም አስታውሳለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። ከየካቲት ጀምሮ ይዘንባል የተባለው የበልግ ዝናብ ቀረ። የክረምቱ እህል እስኪደርስ ሰውን የሚያሻግረው ስኳር ድንች ሳይዝ ቀረ። የእህል ዋጋ ደግሞ በአገርም በዓለምም የናረበት ዓመት ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። በመኪና የሚያልፍ ሰው «እዚህ ምን ረሃብ አለ?» ይል ነበር። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፣ ግን አይበላም። ልጆች ፊታቸውና እግራቸው ያብጥ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከምባታን ጨምሮ በደቡብ አካባቢዎች የሕክምና ምግብ መስጫ ከፍተው ነበር።

እናቴ ያን ዓመት ያደረገችውን አልረሳውም። የደረሰው እንሰት ሲያልቅ ያልደረሰውን ቆረጠች። የሦስት ዓመት እንሰት ምን ቆጮ ይወጣዋል? ግን በላንበት፤ ከሞት ዳንበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮው ባዶ ነበር። ረሃቡ በወሬ «አለቀ» ከተባለ በኋላ እኛ ቤት ገና አላለቀም ነበር።

እኔም ጥፋቴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ለአንዲት እናት በቆሎ ብቻ እንዲዘሩ መከርኩ። «በ2000 እናትህ ምን አበላችህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውሃና መሬት

ክፉ ቀን ድርቅ ብቻ አይደለም። ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ክረምት ላይ ሲሞሉ ሻሾጎ ውስጥ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። ታች ያለው ሰው የሚያገኘው ላይ ያለው ሰው የለቀቀውን ውሃና አፈር ነው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ላይ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችን ሰምተናል። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። መሬት ከተናደ በኋላ ሁለተኛ ናዳ ሊመጣ ይችላል፤ ይሄንን አትርሱ።

ዝም ብሎ የሚመጣው

የእንሰት አጠውልግ በሽታ ድርቅን ያህል አይወራለትም፤ ግን በየዓመቱ ጓሮ ይጨርሳል። ተመራማሪዎች ምንነቱን ለይተው ያሳወቁት በ1960 ገደማ ነው። በቢላዋና በቆንጮራ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይተላለፋል። ዝንጅብልም በ2004 ገደማ በሌላ የአጠውልግ በሽታ ሲመታ ሀደሮ ጡንጦ አካባቢ በእሱ ብቻ ይተዳደር የነበረ ሰው ምን እንደሆነ አይታችኋል። አንድ ነገር ላይ ብቻ መተማመን ትርፉ ይሄ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በዓመት አስር እንሰት የምትቆርጡ ከሆነ ከአስር በላይ ችግኝ ትከሉ። ጓሮው ውስጥ የአንድ ዓመትም የአምስት ዓመትም እንሰት ሁሌ ይኑር።

2. በሽታ የነካውን እንሰት ነቅላችሁ ቅበሩ፤ ለከብት አትስጡ። ቢላዋውን ወደ ሌላ እንሰት ከመሄዳችሁ በፊት በእሳት አንድዱት።

3. ከእንሰቱ ጎን ጎደሬ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄ ይኑር። አንዱ ሲከዳ ሌላው ይደርሳል።

4. ተዳፋት ላይ እርከን ሥሩ፣ ጠርዙ ላይ ደሾ ሳር ትከሉ። አፈሩ ይያዛል፣ ከብቱም ይበላል።

5. ከበልግና ከክረምት በፊት የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ይወጣል። ቀበሌያችሁ ያለውን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ።

የመናኸሪያው አባቴ፣ ይሄንን ልጆችዎ ያነቡልዎት ይሆናል። ባህር ዛፍ ጠላት አይደለም፤ ገንዘብ ያመጣል። ግን እህል የማይበቅልበት ጠፍ መሬት ካለዎት እዚያ ይተክሉታል እንጂ በእንሰቱ ቦታ አይደለም። ብር በክፉ ቀን ዋጋው ይወርዳል፤ በ2000 ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ሲመለስ አይተናል። የጓሮ እንሰት ግን ገበያ አይወጣም፣ ዋጋውም አይንርም፤ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

እናንተስ ሰፈር የትኛው ዓመት ነው የከበደው? አባቶችንና እናቶችን ጠይቃችሁ ጻፉልን። መልካም የሥራ ጊዜ!