ቤል ስለ ኮል የተረከው ምን ያህል ይታመናል? የአንድ ቁጥር ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ይህ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ መዘገበው። ማስረጃ ግን አላቀረበም። ነገሩ ከንቱ ጨዋታ አልነበረም፤ ኤውክሊድ እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ከሆነ አንድ ፍጹም ቁጥር ያስገኛል። ፍጹም የሚባለው እንደ 6ና እንደ 28 ከራሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን የሚሰጡት ነው።

የመርሴን ቃል ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። በ1876 ኤድዋር ሉካስ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ ያሳየው ግን አንድም አካፋይ ሳያገኝ ነው። ይህ መጀመሪያ እንግዳ ሆኖብን ነበር። ከጣራ ላይ ጢስ ሲወጣ አይተን በቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን እናውቃለን፤ ማን እንደ ሆነ ግን አናውቅም።

አካፋዮቹን ያገኘው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። ጥቅምት ወር በ1903 በኒው ዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ቀርቦ ቁጥሩን አስልቶ ጻፈ ይባላል፤ በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። (ማባዛቱን እኛም በወረቀት ሞክረነዋል፤ በመጀመሪያው ስተን በሁለተኛው ልክ መጣልን።)

ይህን የተረከልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፣ በ1951 በታተመ መጽሐፉ። ቤል በ1911 ኮልን ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት ጠይቆት፣ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ እንደ መለሰለት ይናገራል። ይህን መልስ በሒሳብ መፈተን ይቻላል።

ማንኛውም የዚህ ቁጥር አካፋይ በ134 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ በ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። እስከ ትንሹ አካፋይ ድረስ ይህን የሚያሟሉት 722,790 ናቸው። በ3፣ በ5ና በ7 የሚካፈሉትን ብናስወጣ እንኳ ወደ 330,000 ይቀራሉ። ለአንዱ ማካፈል 5 ደቂቃ፣ ለአንድ እሑድ 8 ሰዓት ብንመድብ፣ ከ3,400 በላይ እሑዶች፣ ማለት ከ65 ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኮል በተራ ማካፈል አልሠራም። በማኅበሩ መጽሔት በዚያው ዓመት ያወጣው ጽሑፍም ይህንኑ ያሳያል፤ የካሬ ቁጥሮችን ቀሪ እየመረመረ የማይሆኑትን እጩዎች በጅምላ ያስወጣ ነበር። በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት የሚታመን ነው፤ ቃሉንም ቤል ከኮል አፍ ሰምቻለሁ ይላል። ስለ ዝምታውና ስለ ጭብጨባው ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። ቤል በ1903 ገና በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ተማሪ ነበረ፤ በአዳራሹ አልነበረም፤ መጽሐፉም የታተመው ስብሰባው ካለፈ ከ48 ዓመት በኋላ ነው።